በማን ትንፋሽ እንሩጥ?

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት በማለዳ የሚመላለስ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። ባልና ሚስት ቱታቸውን ለብሰው ከታች አብረው ይነሳሉ። ጥቂት እንደሄዱ ባል ይቀድማል። ከፍ ብሎ መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ቁጭ ይልና ውኃውን ይጎነጫል፣ የጫማውን ክር ፈቶ ያስራል፣ ስልኩን ያያል፣ ጭጋግ የለበሰችውን ከተማ ቁልቁል ይቃኛል። ሚስት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እያለከለከች ትደርሳለች። ልክ ስትደርስ እሱ ብድግ! «በይ እንቀጥል፣ ሰውነትሽ ሳይቀዘቅዝ።» እሷ «ቆይ ትንሽ» ለማለት እንኳ ትንፋሽ የላትም፤ ዝም ብላ ትከተለዋለች።

ሒሳቡን እንሥራው። ዕረፍት ያስፈለጋት እሷ ናት፤ ያረፈው እሱ ነው። በየኩርባው እንዲህ ከሆነ ብርቱው ደጋግሞ አርፎ እንጦጦ አናት ላይ ይወጣል፤ ደካማዋ አንድም ጊዜ ሳታርፍ። ማታ ለጓደኞቹ ሲያወራ «ዛሬ እሷን ስጠብቅ ነው ያረፈድኩት» ይላል። አልዋሸም፤ ጠብቋል። የጠበቀው ግን ለራሱ በሚመቸው መንገድ ነው፤ ምስጋናውንም ዕረፍቱንም አንድ ላይ ወሰደ።

እንዲህ ባለች ትንሽ ነገር ላይ መቆሜ ያለ ምክንያት አይደለም። አብሮ ስፖርት መሥራት ጥሩ መሆኑን የማይመክር የለም፤ ሐኪሙም፣ የጂም አሰልጣኙም፣ የሬዲዮ አዘጋጁም ይነግሩናል። ብቻዋን ስትሆን የምትሰንፍ ሴት ጓደኛዋ በር ላይ ቆማ ከደወለችላት ከአልጋዋ ትነሳለች። ጎህ ሳይቀድ መውጣት የሚያስፈራት፣ አብራት የምትወጣ ካገኘች ትወጣለች። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ምክሩ ዘሎት የሚያልፈው፣ አቅማቸው እኩል የሆነ ሁለት ሰዎች ማግኘት ብርቅ መሆኑን ነው። ከእኩያህ ጋር ሩጥ ማለት ለተፎካካሪ አትሌት ይሠራል። ሌላው ሰው ግን የሩጫ ጓደኛውን በሰዓት ለክቶ አይመርጥም፤ ሚስቱን፣ እናቱን፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባውን፣ አብሮ አደጉን ይዞ ነው የሚወጣው። ይዞ ከወጣ በኋላ ነው ጥያቄው የሚመጣው፦ አሁን የምንሮጠው የማንን ሩጫ ነው?

ከሰውነት እንነሳ። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን አንዱን ኪሎ ሜትር በ7 ደቂቃ እየሮጡ ነው እንበል። ለሚያያቸው አንድ ነገር እየሠሩ ነው። የአንዱ ልብ ግን በደቂቃ 120 ጊዜ፣ የሌላው 170 ጊዜ እየመታ ሊሆን ይችላል። ለአንዱ ሽርሽር ነው፣ ለሌላው ፈተና። እግራቸው እኩል ይርገጥ እንጂ ሰውነታቸው የሚሠራው ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ይህን ልዩነት ታጎላዋለች። ከተማዋ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ እንጦጦ 3,000 ሜትርን ያልፋል። አየሩ ስስ ስለሆነ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል፤ ያልለመደ ሰው ቆላ ከተማ ውስጥ ደብቆ ሊያሳልፈው የሚችለው ድካም እዚህ ወዲያው ይጋለጣል።

ሰዓትና መሣሪያ ለሌለው ሰው የስፖርት ባለሙያዎች የሚሰጡት ቀላል መለኪያ አለ። እየተንቀሳቀሱ ማውራት ከተቻለ፣ መዝፈን ግን ካልተቻለ፣ እንቅስቃሴው መካከለኛ ነው። ትንፋሽ ሳይስቡ ከጥቂት ቃላት በላይ መናገር ካቃተ ከባድ ነው። ይህ መለኪያ አብረው ለሚሮጡ ሰዎች የተሠራ ይመስላል፤ ምክንያቱም የሁለቱን ፍጥነት የደካማው ንግግር ሊለካው ይችላል። የሚስትየዋ መልስ ሙሉ ከሆነ ፍጥነቱ ደህና ነው። ወደ «እ» እና «እህ» ከወረደ በዝቷል ማለት ነው፤ ማንም «ደከመሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይጠበቅበትም። ይህን ካነሳሁ አይቀር አንድ የታዘብኩትን ልናገር፦ ብርቱ ሰው ዳገት መሀል ላይ ጥያቄ መጠየቅ ይወዳል። «የልጁን ትምህርት ቤት ነገር እንዴት አሰብሽው?» ይላል፣ ትንፋሽ ከየት ይምጣ? ዳገት ላይ ማውራት ያለበት ትንፋሽ የተረፈው ነው። ወሬ ካለው እሱ ያውጋ፤ ጥያቄውን ሜዳው ላይ ያድርገው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውንም ቢተውልን ደስ ይለኛል። ተረቱ አይደለም ጥፋቱ፤ ሁልጊዜ ከቀደመው ሰው አፍ መውጣቱ ነው።

የአቅም ልዩነት ችግር ብቻ እንዳይመስል የበርሊኑን ሙከራ ማንሳት ይገባል። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ኦቶ ኮለር የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የአንድ የቀዘፋ ክለብ አባላትን ብረት አስነሳ። መጀመሪያ እያንዳንዱ ለብቻው 41 ኪሎ እስኪዝል ድረስ ከፍ ዝቅ እንዲያደርግ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት ሆነው 82 ኪሎ በጋራ እንዲይዙ አደረገ። አንዱ ከለቀቀ ሌላው ብቻውን ሊቀጥል አይችልም፤ ስለዚህ የጥንዱ ዕድሜ የደካማው ዕድሜ ነው። ደካማው ለብቻው የቆየውን ያህል ይቆያሉ ቢባል ማንም አይገረምም። ደካማው ግን ብቻውን ከቆየው በላይ ቆየ። በጣም የበረታው ደግሞ የሁለቱ አቅም በመጠኑ ሲለያይ ነው፤ ሲመጣጠኑም ሆነ እጅግ ሲራራቁ ውጤቱ ቀነሰ። ይህ ግኝት ዛሬም ድረስ በተመራማሪው ስም ይጠራል።

ይህን የሰማ ብርቱ ሁሉ «ያልኩት ይኸው ነው፤ ስጎትታት ነው የምትበረታው» ሊል ይችላል። ሙከራውን ረጋ ብሎ ላየው ግን የሚለው ሌላ ነው። እዚያ ብረቱን ሁለቱም ይዘውታል። ብርቱው ቀድሞ ሄዶ ከላይ ሆኖ አይጣራም፤ ደካማው ከሌለ ብረቱ ከመሬት አይነሳም። ለደካማው ጉልበት የጨመረለት «እኔ ከለቀቅሁ የሱም ልፋት ያበቃል» የሚለው ሐሳብ ይመስለኛል፤ ባጭሩ ተፈላጊነቱ። እንጦጦ ላይ ሚስትየዋ ብትቀር ባልየው ምን ይጎድልበታል? ምንም። እንዲያውም ቶሎ ደርሶ ቶሎ ይመለሳል። እሷም ይህን ታውቃለች፤ እያንዳንዱ «አይዞሽ» ሸክም መሆኗን የሚያስታውሳት ለዚህ ነው። ደግሞም እልህ ለአንድ ጠዋት ሙከራ ያገለግላል። ዓመቱን ሙሉ በየማለዳው እልህ የሚጋት ሰው ግን አንድ ቀን ራሱን ያመዋል፣ ሌላ ቀን ይዘንባል፣ ከዚያ ጫማው ከአልጋ ሥር ይገባል።

ስለ መጠበቅ ከተነሳ እኛ ኢትዮጵያውያን የማንረሳው ሩጫ አለ። ነሐሴ 1996 ዓ.ም.፣ አቴንስ፣ የወንዶች 10,000 ሜትር ፍጻሜ። ኃይሌ ገብረሥላሴ በአትላንታና በሲድኒ ወርቅ ያጠለቀበትን ርቀት በኦሎምፒክ ለሦስተኛ ጊዜ ሊሮጥ የገባው የእግሩን ጅማት እያመመው ነበር። ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ከፊት ናቸው። ኃይሌ ከእነሱ እየራቀ ሲሄድ ሁለቱ ወደ ኋላ ዞር ዞር ማለት ጀመሩ፤ እንዲደርስባቸውም ፍጥነታቸውን ቀነሱ። በኦሎምፒክ ፍጻሜ፣ ሌሎች አገሮች ሜዳሊያ ሊነጥቁ እያደቡ፣ ዓለም እያየ! በመጨረሻ ኃይሌ እንደማይችል ለይቶለት ሁለቱ ወጥተው ሄዱ። ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር፣ ኤርትራዊው ዘርሰናይ ታደሰ ነሐስ፤ ኃይሌ አምስተኛ ሆኖ ገባ።

ይህ ሩጫ ሲወራ ሁሌም የሚነሳው መጠበቃቸው ነው። ልክ ነው፣ ታናሽ ለታላቁ የሚያደርገው ከዚህ በላይ የለም። እኔን ግን አኳኋናቸው ይበልጥ ይስበኛል። የጠበቁት እየሮጡ ነው፤ ዞሮ ማየት ያደክማል፣ ፍጥነት መቀነስ ለተቀናቃኝ በር ይከፍታል። ለመጠበቃቸው የከፈሉት ነገር ነበር፣ ወይም ሊከፍሉ ተዘጋጅተው ነበር። ሁለተኛው ነገር መሄዳቸው ነው። እስከ መጨረሻው ቢጠብቁት ኖሮ ለኃይሌ የሚተርፈው ምን ነበር? የሁለት ልጆችን ወርቅና ብር ያስቀረ ታላቅ መሆን። ሄዱ፣ እሱም የራሱን ሩጫ ጨረሰ፤ አንድም ኢትዮጵያዊ «ከዱት» ሲል አልሰማሁም። ልክ ያለው መጠበቅ ለተጠባቂውም ክብር ነው። ብዙ ጥንዶች የሚጣሉት ይህ ልክ ስላልተነገረ ይመስለኛል፤ አንዱ «እስከ መቼ ልጠብቅ?» እያለ በሆዱ ያጉረመርማል፣ ሌላው «ይቅርታ፣ ጎተትኩህ» እያለ በየመቶ ሜትሩ ይቅርታ ይለምናል፣ መልሱም ሁልጊዜ «ኧረ ምንም አይደል» ነው፣ ምንም ባይሆን ኖሮ ሁለቱም ይህን ያህል ባልደጋገሙት!

ልኩ እንዴት ይነገር ለሚለው፣ ጥሩው ዘዴ ክርክሩን ለቦታና ለሰዓት መተው ነው። መስቀል አደባባይን ተመልከቱ። እርከኖቹ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጉ ስለሆኑ የሚሮጠው ሰው አንዱን እርከን ጨርሶ ወደሚቀጥለው ይወጣና በመጣበት አቅጣጫ ይመለሳል። እናትና ልጅ ከታች አብረው ቢጀምሩ ልጅቷ ብዙም ሳትቆይ ሁለት ሦስት እርከን ከፍ ትላለች፤ ግን ከእናቷ ዓይን አትጠፋም። አንዷ ወደ ግራ ስትሄድ ሌላዋ ወደ ቀኝ እየመጣች በየምልልሱ ይተላለፋሉ። «እማዬ፣ እንዴት ነው?» ትላለች ልጅ ከላይ። «አንቺ እግርሽን እይ!» ትላለች እናት ከታች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እንዳሰረች። ማንም ማንንም አልጠበቀም፣ ማንም አልተቀደመም ባይባልም መቀደሙ አይቆረቁርም። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ይኸው የፍጥነት ልዩነት አንዷን ለብቻዋ ያስቀራት ነበር።

ቀጥ ያለ መንገድ ብቻ ላለው ደግሞ ሰዓት አለ። ከአንድ ቦታ አብራችሁ ተነሱ፣ እያንዳንዳችሁ በየራሳችሁ ፍጥነት 20 ደቂቃ ሩጡ፣ 20 ሲሞላ የትም ብትሆኑ ዙሩና ተመለሱ። ፈጣኑ ሩቅ ሄዶ ይዞራል፣ ዝግተኛዋ ቅርብ። ከዚህ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል፤ በመልሱ ጉዞ ከፊት ያለችው እሷ ናት፣ ከኋላ የሚያባርረው እሱ። ሁለቱም በሄዱበት ፍጥነት ከተመለሱ መነሻው ላይ ይገናኛሉ። ይህን ዘዴ የምወደው ማንም ለማንም ሲል ራሱን ስለማያሳንስ ነው። እሱ ሙሉ ልምምዱን ሠርቷል፣ እሷም ሙሉ ልምምዷን፤ የሚለያዩት በኪሎ ሜትር እንጂ በልፋት አይደለም። ከኋላ የሚመጣ የእግር ኮቴ እየሰሙ ከፊት መሮጥ ምን እንደሚመስልም፣ ሁሌ ለሚቀር ሰው፣ አዲስ ነገር ነው። ስለ ጂም ብዙ አልልም፤ እዚያ ነገሩ ቀላል ነው። አንዱ 60 ኪሎ ሲያነሳ ሌላው ያርፋል፣ ብረቱ ይቀነስና ተራ ይቀያየራል፤ ዕረፍቱም እኩል ይከፋፈላል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ብርቱው የሚያነሳው አንድ ቅሬታ ይቀራል፦ «ከሷ ጋር በወጣሁ ቁጥር የራሴ ልምምድ ይባክናል።» ግማሹ ትክክል አይደለም። ብሪታኒያዊው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ማይክል ክሮውሊ ከኢትዮጵያውያን ሯጮች ጋር ከአንድ ዓመት በላይ ኖሮ፣ አብሯቸው ሮጦ፣ መጽሐፍ ጽፏል። ከሚተርካቸው ነገሮች አንዱ ሯጮቹ ጫካ ውስጥ ተሰልፈው፣ ከዛፍ ዛፍ እየተጠማዘዙ፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ የሚሮጡት ሩጫ ነው። ጀማሪው ከስመ ጥሩ ጀርባ ይገባል። በቀላል ልምምድ ቀን ፍጥነታቸው እነሱን በቴሌቪዥን ብቻ የሚያውቅ ሰው የማይጠብቀው ዝግታ ነው። የዓለም ፈጣን እግሮች ቀስ ብለው የሚሮጡበት ቀን የልምምዳቸው ክፍል ነው፤ ልብን የሚያሰፋው፣ ጡንቻን የሚያሳርፈው እሱ ነው። እንግዲህ ከቢሮ ወጥቶ በሳምንት ሁለት ቀን ሶምሶማ የሚሮጥ ሰው የሚስቱ ፍጥነት ቢያዘገየው ከእነሱ በላይ ምን ያጣል?

ግማሹ ግን እውነት ነው፤ ልንክደውም አይገባም። ሁልጊዜ በዝግታ የሚሮጥ ብርቱ ብርታቱን ያጣል፤ ፍቅር ነው ብሎ ዝም ቢልም በፊቱ ላይ ይነበባል። የራሱ ቀን ያስፈልገዋል። ማክሰኞ ብቻዬን እሮጣለሁ፣ ቅዳሜ አብረን ብሎ በግልጽ የሚለይ ሰው፣ ቅዳሜ የመጣው ሊሮጥ ሳይሆን አብሯት ሊሆን መሆኑን ራሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ሁለቱን ቀኖች አንድ ላይ ማጨቅ ነው ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ስልክ የሚያሳየው። በተለይ ታላቁ ሩጫ ሲደርስ ይህ ፈተና ላይ ይወድቃል። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ያን 10 ኪሎ ሜትር የሚሮጠውም፣ የሚራመደውም፣ እየጨፈረ የሚጓዘውም የሩጫውን ቲሸርት ለብሶ ይወጣል። እዚያ ሰው መሀል «አብረን እንገባለን» ተባብለው ገብተው ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ የተኮራረፉ ጥንዶች ጥቂት አይመስሉኝም። ከመነሻው በፊት አንድ ቃል ቢነጋገሩ ይበቃቸው ነበር።

ትርፍ ጉልበትን ለሌላ ሰው ማዋል ሙያ የሆነበት ቦታም አለ። በዓይነ ስውራን ሩጫ መሪ ሯጩ ከአትሌቷ ጋር በአጭር ማሰሪያ ተያይዞ ይሮጣል። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ በተካሄደው የፓሪስ ፓራሊምፒክ ያየሽ ጌቴ በ1500 ሜትር ለኢትዮጵያ ወርቅ ያመጣችው እንዲህ ሮጣ ነው። መሪ ሯጭ ከአትሌቷ የፈጠነ መሆን አለበት፤ እኩያዋ ከሆነ በራሱ ድካም ይያዝና ኩርባውን መንገር፣ ከፊት ያለውን ማየት ያቅተዋል። ሆኖም ሊጎትታት አይፈቀድለትም፤ የመጨረሻውንም መስመር ከእሷ ቀድሞ ማለፍ ክልክል ነው። የሱ ፈጣንነት የሚፈለገው ለመቅደም አይደለም፤ ለሁለት ሰው የሚሆን ትኩረት እንዲተርፈው ነው። ሁለት ሰዎች አብረው ሲሮጡ የብርቱው ድርሻ ምን ሊሆን ይገባል ለሚለው ከዚህ የጠራ ምሳሌ አላገኘሁም።

እዚያው ፓሪስ ላይ በማራቶን የሆነው ደግሞ የነገሩን ሌላ ገጽ ያሳያል። ስፔናዊቷ ኤሌና ኮንጎስት ሦስተኛ ሆና ልትገባ ጥቂት ሜትር ሲቀራት መሪዋ ጡንቻው ተኮማትሮ ሊወድቅ ሆነ። እሷ ማሰሪያውን ለቃ ደገፈችው። ማሰሪያው ከመስመሩ በፊት መለቀቁ ደንብ መጣስ ነውና ነሐሱን ተነጠቀች። ደንቡ ትክክል ነው አይደለም ብዙ አከራክሯል። ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ሌላ ነው፦ ብርቱ ተብሎ የተመደበው ሰው 42 ኪሎ ሜትር መጨረሻ ላይ ደካማው ሆኖ ተገኘ።

በትዳር ውስጥ ይህ ለመከሰት ዓመታት ይፈጅ እንደሆነ እንጂ አይቀርም። ከወሊድ በኋላ ለወራት ቀስ ብላ ስትራመድ የነበረች ሴት በዓመቱ ባሏን ትቀድማለች። አርባዎቹን ያለፈ ሰው ጉልበቱን ያመዋል፣ ሐኪም ሩጫ ቀንስ ይለዋል። ያኔ ከባዱ ነገር መድከሙ አይደለም፤ ሌላውን መጠበቅ የለመደ ሰው አሁን የሚጠበቀው እሱ መሆኑን መቀበሉ ነው። ሰበቡ ይበዛል፤ ቅዳሜ ስብሰባ ይመጣል፣ መኪናው ጋራዥ ይገባል፣ ጫማው ጠበበኝ ይላል። ሚስት ምክንያቱ ገብቷት ዝም ትላለች፣ ወይም እሱ ሲላት የኖረውን «አይዞሽ» ጾታውን ቀይራ ትመልስለታለች። ሁለቱም አይጠቅሙትም። ቀድሞውኑ በሰዓት እየሮጡ የኖሩ ከሆነ ግን የሚለወጥ ነገር ጥቂት ነው። 20 ደቂቃው ያው 20 ደቂቃ ነው፤ እሱ የሚዞርበት ዛፍ ወደ መነሻው ቀረብ ይላል፣ የሷ ራቅ ይላል፣ በመልሱም ከኋላው ኮቴዋን ይሰማል።